በኩጃ ሲሙሌተር ውስጥ ጊዜ እንዴት ይሄዳል?

በገመድ አልባ የሴንሰር ኔትወርክ ላይ ለምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ ሰሞኑን የኩጃን ምንጭ ኮድ ሳነብ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። ኩጃ በስዊድን የኮምፒውተር ሳይንስ ተቋም ለአነስተኛ የሴንሰር መሣሪያዎች ለሚያገለግለው ኮንቲኪ ስርዓተ ክወና የተሠራና በጃቫ የተጻፈ ሲሙሌተር ሲሆን፣ በንባቤ ሁሉ የተከታተልኩት በውስጡ ጊዜን ወደፊት የሚያንቀሳቅሰው ምን እንደሆነ ነው።

ኩጃ ጊዜን የሚቆጥረው በማይክሮ ሰከንድ ነው፤ ነገር ግን ቆጣሪው እያንዳንዷን ማይክሮ ሰከንድ እየረገጠ አይሄድም። የአንድ ኖድ (የኔትወርኩ አባል የሆነ የሴንሰር መሣሪያ) መንቃትም ሆነ የአንድ ፓኬት ስርጭት ማብቃት፣ ወደፊት የሚፈጸም ማንኛውም ክስተት ከነመፈጸሚያ ጊዜው በወረፋ ይመዘገባል። ሲሙሌተሩ ጊዜው የቀደመውን ክስተት ያወጣል፣ ሰዓቱን በአንድ ጊዜ ወደዚያ ቅጽበት ያሻግራል፣ ክስተቱን ይፈጽማል፤ ከዚያም ቀጣዩን ያነሣል።

በኖዶቹ አፈጻጸም ላይ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቻለሁ፤ ምክንያቱም የውጤቶቻችን ትርጉም የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። የኩጃ የራሱ ዓይነት ኖድ በሲ የተጻፈው ፕሮግራም ለምንሠራበት ኮምፒውተር ተኮምፓይል ሆኖ የሚጫንበት ሲሆን፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ኖዶች ሁሉ ያንኑ ላይብረሪ ይጋራሉ፤ ተራው የደረሰው ኖድ የራሱ ሜሞሪ ይገለበጥለታል፣ ኮዱ ይሮጣል፣ የተለወጠው ሜሞሪ ተመልሶ ይቀመጣል። በዚህ መሃል ኮዱ የቱንም ያህል ስሌት ቢሠራ የሲሙሌሽኑ ሰዓት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሰዓት እያየ የሚጠብቅ ሉፕ፣ ተራውን ለሲሙሌተሩ ካልለቀቀ በቀር፣ ፈጽሞ አያበቃም።

የመሣሪያውን ፕሮሰሰር ትእዛዝ በትእዛዝ በሚያስመስለው ኤምኤስፒሲም በተባለ ፕሮግራም የሚሠራው፣ ስካይ የተባለውን የሴንሰር መሣሪያ የሚወክለው ኖድ ግን ከዚህ ይለያል። እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ትእዛዝ የሚፈጀው ሳይክል ይቆጠራል፤ የ10 ኪሎባይት ራምና የ48 ኪሎባይት ፍላሽ ገደቡም እንደ እውነተኛው መሣሪያ ይጠበቃል። በእኔ እምነት የፕሮሰሰርን ጊዜና የኃይል ፍጆታ የሚለካ ሰው ይህን ሊመርጥ ይገባል፤ ብዙ ኖዶች ባሉበት የፕሮቶኮልን አመክንዮ ለመፈተሽ ግን የመጀመሪያው ይበቃል።

የእያንዳንዱን ኖድ ስርጭት በዙሪያው ባለ ክብ ክልል የሚወክለው የሬዲዮ ሞዴል ዩዲጂኤምም በዚሁ ወረፋ ላይ የቆመ ነው። 127 ባይት ያለው ፍሬም በሴኮንድ 250 ኪሎቢት ሲላክ 4 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ በስርጭቱ መጀመሪያና መጨረሻ መካከል ለተቀባዩ በረበሻ ክልል (ምልክቱ ባይነበብም ሌላውን በሚረብሽበት ርቀት) ውስጥ ያለ ሌላ ኖድ መላክ ከጀመረ ፍሬሙ ይበላሻል። ሳይቀየር ሲቀር የመቀበያው ክልል 50፣ የረበሻው 100 ሜትር ነው። የመቀበል ዕድሉም የሚቀንሰው በርቀቱ ስኩዌር ልክ ስለሆነ፣ የመቀበያ ስኬቱን 50 በመቶ ብናደርገው ዳር ላይ ያለው ኖድ 50 በመቶ፣ በ25 ሜትር ያለው ግን 87.5 በመቶ ይቀበላል። የመላኪያው ስኬት ግን የተለየ መሆኑን ልብ በሉ፤ እሱ ሲከሽፍ ያንን ፓኬት ማንም አይሰማውም።

ቀጥዬ የማነበው የሬዲዮ ሞገድን ነጸብራቅና መሰናክሎችን የሚያሰላውን ኤምአርኤም የተባለውን ሞዴል ነው።