ለሌሊት ጨዋታ ወዳጆቼ የተላከ የገና መልእክት

ውድ ወዳጆቼ፦

በድሬዳዋና በሐረር፣ በጅቡቲና በጅዳ፣ እስከ ቶሮንቶም ድረስ ለምትገኙ ሁሉ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። በየዓመቱ ጎህ ሳይቀድ፣ እኛ ከቤተ ክርስቲያን ሳንመለስ፣ የደስታ መልእክታችሁን የምትልኩልን ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።

የበዓል መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ሰላምን፣ ጤናንና ረጅም ዕድሜን ተመኝቶ ያበቃል። እነዚህን ሁሉ ከልቤ እመኝላችኋለሁ። ዘንድሮ ግን ከምኞቱ ሌላ ምስጋናም አለብኝ፤ ምስጋናዬም ሌሊት ሌሊት በስልክ እየተጻጻፍን ስለ ፊልም፣ ስለ ጌምና ስለ ጠቅላላ ዕውቀት በጥያቄና መልስ ስንጫወት ላሳለፍናቸው ሰዓታት ነው። ይህን ጨዋታ እንደ ሥራ ፈትነት የሚቆጥሩ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ከየቤታችንም «እስከዚህ ሰዓት ድረስ ስልክ ላይ ምን ትሠራላችሁ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የሚጠይቁን ስለሚያስቡልን ነውና፣ በዚህ በዓል መልስ ልሰጣቸው ወደድሁ።

ድሬዳዋ ያደገ ሰው የቀኑንና የሌሊቱን ልዩነት በደንብ ያውቃል። ከተማችን ከሐረር ደጋ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ሙቀቱ ቀኑን ለሥራ ካልሆነ በቀር ለወግ አያመቸውም፤ ወግ የሚጀመረው ፀሐይ ገብታ፣ ምንጣፉና ፍራሹ ወደ በረንዳ ወጥቶ፣ በከዚራ ዛፎች መካከል ነፋስ መመላለስ ሲጀምር ነው። በዚህ ልማድ ያደግን ልጆች ኑሮ በየአገሩ ሲበትነን፣ በረንዳው ቀረ እንጂ ወጉ አብሮን ሄደ። በዚህ በታኅሣሥ ወር፣ ድሬዳዋ ላይ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ቶሮንቶ ያለችው እህታችን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ናት፤ ከሥራ ወደ ቤቷ በምትመለስበት አውቶቡስ ውስጥ ሆና ትጫወታለች። ጅቡቲ በጥበቃ ሥራ ላይ ያለው ወንድማችን ሰዓቱ ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ እኛ አንድ በአንድ እየተሰናበትን ስንተኛ ግን እርሱ እስኪነጋ ይቆያል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ሲኖር፣ ለእርሱ ሲል እንደሚያነሣ ሁላችንም እናውቃለን።

ሕጋችን አንድ ነው፦ ጥያቄ ከቀረበ በኋላ ጎግል መክፈት አይፈቀድም። አዲስ የሚቀላቀሉን ሰዎች በዚህ ሕግ ይገረማሉ፤ መልሱ በእጃችን ባለው ስልክ ውስጥ እያለ፣ የአንድ ተዋናይ ስም ጠፋን ብለን ግማሽ ሰዓት ሙሉ የምንቸገርበት ምክንያት አይታያቸውም። እኔ ግን የጨዋታው ፍሬ ያለው በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው እላለሁ። ስሙን ለማስታወስ የሚሞክር ሰው ፊልሙን የት ቪዲዮ ቤት እንዳየው፣ ማን ከፍሎ እንዳስገባው፣ መብራት የጠፋው የትኛው ትዕይንት ላይ እንደነበረ እየተናገረ ይሄዳል፤ በዚህ መካከል ቀርበን ብንጠይቀው የማይነግረንን ስለ ራሱ ይነግረናል።

ስለ ሾሌይ የተነሣውን ጥያቄ ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1975 ለእይታ የበቃው ይህ የሕንድ ፊልም በእኛ አካባቢ ያልገባበት ቤት ያለ አይመስለኝም። ጥያቄው ጄይ ከጓደኛው ከቪሩ ጋር ለውሳኔ በተቸገሩ ቁጥር የሚወረውራት ሳንቲም ምሥጢሯ ምንድን ነው የሚል ነበር። የሳንቲሟ ሁለት ገጽ አንድ ዓይነት መሆኑን ሁላችንም ስለምናውቅ መልሱ ወዲያው ተመለሰ። ከሐረር ከጁገል ውስጥ የምትጽፍልን እህታችን ግን በዚያ አላበቃችም። አያቷ አንዲት የሂንዲ ቃል ሳያውቁ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሐረሪ ቋንቋ ለልጅ ልጆቻቸው ይተርኩላቸው እንደነበር፣ ጄይ ከሚሞትበት ቦታ ሲደርሱም የሆጃውን ፍንጃል አስቀምጠው ጥቂት ዝም ይሉ እንደነበር አጫወተችን። ልጆቹ ፊልሙን በዓይናቸው ያዩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ስታየውም የአያቷ ትረካ እንደሚበልጥ መሰከረች። እኔ እስከዚያ ሌሊት ድረስ ይህችን እህት የማውቃት በፈጣን መላሽነቷ ብቻ ነበር።

ሌላው ከልቤ የማይጠፋው የባቡሩ ክርክር ነው። ለእኛ ባቡር እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ1902 ቆላው ላይ ባይደርስና ጣቢያው እዚህ ባይተከል ኖሮ፣ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ የነበረችው ከተማችን ዛሬ ባለችበት መልክ ባልኖረች ነበር። እናም አንድ ሌሊት፣ ከሲኒማ መጀመሪያ ዘመን ተመልካቹን ከአዳራሽ ያስሮጠው ፊልም የትኛው ነው የሚል ጥያቄ ቀረበ። ሁላችንም በአንድ ቃል የፈረንሳዮቹን ፊልም ሠሪዎች የሉሚየር ወንድማማቾችን ባቡር ጠራን፤ ባቡሩ ወደ ጣቢያ ሲገባ ሰዉ ሊጨፈልቀን ነው ብሎ ሸሸ የሚለውን ታሪክ ያልሰማ የለምና። በምድር ባቡር አገልግለው በጡረታ የተገለሉት ጋሼ ግን አልተቀበሉትም። «ልጆቼ፣ ካሜራው የቆመው መንገደኛ በሚቆምበት በሐዲዱ ዳር ነው፤ ባቡሩ በጎን ያልፋል። ሰው ከባቡር የሚሸሸው ሐዲዱ ላይ ቢቆም ነው። ለገሃር ቆሞ ባቡር የተቀበለ ሰው ይህን ያውቃል» ብለው ጻፉ።

በነጋታው አንድ ወንድማችን ጉዳዩን አንብቦ መጣ፤ ሕጉ የሚከለክለው በጨዋታው ሰዓት ነው። እንዳነበበልንም፣ ወንድማማቾቹ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895፣ ከፈረንጆቹ ገና ሦስት ቀን በኋላ፣ ፓሪስ በግራን ካፌ ለከፈለ ሕዝብ ያሳዩአቸው አጫጭር ፊልሞች አሥር ሲሆኑ፣ ባቡሩ ከአሥሩ መካከል የለም፤ ለሕዝብ የታየው በተከታዩ ጥር ወር ነው። ሕዝቡ ሸሸ ለሚለውም በጊዜው የተጻፈ አስተማማኝ ማስረጃ እንዳልተገኘ የፊልም ታሪክ አጥኚዎች ጽፈዋል። መጽሐፉ ሳይነበብ በፊት፣ ዕድሜያቸውን በሐዲድ ዳር ያሳለፉት ሰው በዓይናቸው ልምድ ብቻ እዚያው መድረሳቸው እጅግ አስደነቀኝ። ጋሼ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይጠየቁ ስለ ምድር ባቡር ያወጉናል፤ ልጆቻቸው ይህን ሁሉ ሰምተውት እንደማያውቁ ነግረውናል።

አሁን ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅጄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ጅዳ ያለው ወንድማችን ባለፈው ክረምት እናቱን አጣ። ፈቃድ አላገኘምና ለቀብር ሊመጣ አልቻለም። ሁላችንም እንደየእምነታችን «አላህ ያጽናህ»፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብለን ጻፍንለት፤ ከመካከላችንም ድሬዳዋ ያለን ለቅሶ ቤት ሄደን ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጥን። እርሱ ግን ለማናችንም አልመለሰም። ስልክ ሲደወልለትም አያነሣም። ሳምንታት አለፉ፤ ምን ማድረግ እንደሚገባን የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ሌሊት ያለ ምንም መግቢያ «ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች» ብሎ ጻፈ። ካሴት በሚገባበት ጌም ኮንትራን የተጫወተ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ቶሮንቶ ያለችው «ግራ፣ ቀኝ» አለች፤ ጅቡቲ ያለው «ግራ፣ ቀኝ» ብሎ ደገመ፤ እኔ «ቢ» ብዬ ስጽፍ ሌላው «ኤ» ብሎ ጨረሰው። ይህ የቁልፎች ቅደም ተከተል መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1986 የኮናሚ ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ካዙሂሳ ሃሺሞቶ ግራዲየስ ለተባለው ጌም ያስገባው ነው፤ ጌሙ ለራሱም ስለከበደው፣ እየሞከረ ለመሥራት እንዲያመቸው አቅም የሚጨምርለትን ምሥጢራዊ ቁልፍ አበጀ። በኮንትራ ላይ ሲነካ ለተጫዋቹ 30 ሕይወት ይሰጣል። ወንድማችን «ስንት ሕይወት ነበር የሚሰጠው?» ብሎ ጠየቀ። «ሠላሳ» አልነው።

ከዚያ በኋላ ስለ እናቱ መጻፍ ጀመረ። መጋላ አጠገብ በነበረው ጌም ቤት ትምህርት ቤት ፎርፎ ሲውል ነጠላ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ግን ሊመቱት መጥተው፣ ሕይወቱ ሊያልቅ አንድ ብቻ እንደቀረችው ሲያዩ፣ «እስቲ መጀመሪያ ይህችን ጨርስ» ብለው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። ይህንና ሌላም ብዙ ነገር እስከ ንጋት ድረስ ጻፈልን። ማናችንም አልተኛንም። ከዚህ በፊት በልባችን ያለውን ሁሉ ጽፈንለት መልስ ያጣንበት ሰው፣ ሊያወራን ሲፈልግ የመጣው በጌም በር በኩል ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው «እንዴት ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊያጣ ይችላል፤ «ስንት ሕይወት ይሰጣል?» ለሚለው ግን መልስ አለው። የቤተሰቦቻችንን ጥያቄ በዚህ የመለስሁ ይመስለኛል።

በዓሉን በሚመለከትም የዘንድሮው መልካም ጥያቄ የመጣው ከሙስሊም ወንድማችን ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ሆኖ ሳለ በአንዳንድ ዓመት ታኅሣሥ 28 ቀን የሚከበረው ለምን እንደሆነ ጠየቀን፤ እኛ በየዓመቱ የምናከብረው ሰዎች ዝም አልን። የአብነት ትምህርት የተማረው ወንድማችን አስረዳን፦ ብሥራቱ ከሚታሰብበት ከመጋቢት 29 ቀን እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን 275 ቀናት አሉ። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን በመካከል አንድ ቀን ይጨመራል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው በዘመነ ዮሐንስ ቁጥሩ እንዳይዛነፍ በዓሉ በ28 ይውላል። ጠያቂው ወራቱን በጣቱ እየቆጠረ አረጋግጦ «ልክ ነው፣ 275» ብሎ እስኪጽፍ ድረስ ማንም ቀጣይ ጥያቄ አላቀረበም።

አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት፣ በገና ሜዳ ላይ ጌታውም አሽከሩም ዱላ ይዘው አንዲት ጥንግ ስለሚያሯሩጡ ነው። በእኛም ጨዋታ ሐኪሙና የባጃጅ ሾፌሩ፣ ጡረተኛው ጋሼና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ እኩል ይሳሳታሉ፣ እኩል ያርማሉ። ታኅሣሥ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ከሩቅ የመጣችሁትን በአካል ሳገኝም ይህ እንደማይለወጥ አየሁ፤ ገና ሻንጣችሁን ሳታወርዱ ያቋረጥነውን ክርክር ቀጠላችሁ። አብረን ሙሸበክ እየበላን፣ ከመካከላችን አንዳንዶቹ በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ እየተያየን መሆኑን የረሳን ይመስል ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እንድናሻሽል እለምናችኋለሁ። የሆሊውድንና የቦሊውድን ያህል የአገራችንን ፊልም አናውቅም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ማግኘቱን ስጠይቅ የመለሱት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ፤ ይህ ያሳዝነኛል። በአዲሱ የፈረንጆች ዓመት በየሌሊቱ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ከራሳችን ሥራዎች ይሁን።

ከዛሬ ሌሊት እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የሆነው የኢትዮጵያ ፊልም የእንስሳ ስም ያለው ነው፤ ታሪኩም ለበዓል እንዳይታረድበት የሚወደውን እንስሳ ሊያተርፍ ስለሚጥር አንድ ልጅ ነው። የፊልሙ ርእስና የዳይሬክተሩ ስም ማን ነው? መልሱን ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ጀምሮ እንቀበላለን፤ ሕጉ እንደተጠበቀ ነው፤ ጅቡቲ ያለኸው ወንድማችን ደግሞ ዛሬም ተረኛ ስለሆንህ ቀድመህ እንዳትመልስ፣ እስክንሰባሰብ ጠብቀን።

መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ።