የአባቴ ሰዓት አነከሰ

ወደ ለገጣፎ ከገባን ወዲህ የአባቴ የግድግዳ ሰዓት አመል አወጣ። ሞላውን ሞልቼ ፔንዱለሙን ስገፋው ትንሽ ይሄድና ቀጥ ይላል። ጎረቤቴ «በቃ አርጅቷል፣ የባትሪ ግዛ» አለኝ። የባትሪ ሰዓት ድምፅ አለው እንዴ?

ደቂቃ ቆጣሪው ከሰዓት ቆጣሪው ጋር ይነካካ እንደሆነ አየሁ፤ አይነካካም። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩት። ጤነኛ ፔንዱለም ቀጭ፣ ቋ፣ ቀጭ፣ ቋ ይላል፣ እኩል በእኩል። የእኛው ግን ቀጭ-ቋ... ቀጭ-ቋ... እያለ ያነክሳል። ችግሩ ይኸው ነው። በአንዱ በኩል የውስጡን መዘውር ጥርስ የሚለቀው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ውዝዋዜው ደከም ሲል ጭራሽ መልቀቅ ያቅተዋል።

ግድግዳው ይሆን ብዬ ከግንበኛ ውሃ ልክ ተዋስኩ። ሳጥኑ ቀጥ ብሏል። ስለዚህ የተጣመመው ከውስጥ ፔንዱለሙን የምትገፋዋ ቀጭን ዘንግ ናት። ዕቃ ጫኞቹ ፔንዱለሙን ሳያወልቁ ነው ያንገላቱት! ዘንጓን በጣቴ ቀስ አድርጌ ወደ ግራ ገፋ፣ ጆሮዬን ሰጥቼ፣ ደግሞ ገፋ። ድምፁ እኩል ሲሆን ተውኩት። ዓይን ሳይሆን ጆሮ ነው እዚህ ዳኛው።

አሁን አይቆምም፣ ግን ይቀድማል። ለዚህ መድኃኒቱ ከፔንዱለሙ ሥር ያለችው ዳዶ ናት፤ ክብደቱን ዝቅ ስታደርገው ፔንዱለሙ ይረዝማል፣ ሰዓቱም ይዘገያል። እናቴ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር እንዳልሞላው አስጠንቅቃኛለች። ጠዋት በአንድ ሰዓት ሰባት ጊዜ ሲደውል መስማት አትፈልግም።