የቤቴን ራውተር በእጄ ያገናኘሁበት መንገድ

አዲስ ራውተር ሲከፈት የሚመጣው ፈጣን ማዋቀሪያ የመስመሩን ዓይነት በራሱ ይገምታል። ግምቱ ሲሳካ ሥራው በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ሲሳሳት ግን የት ጋ እንደተሳሳተ አይናገርም፤ «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ዝም ይላል። የእኔ መስመር የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ ማዋቀሪያው አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) በራሱ የሚመጣለት መስመር አድርጎ ስለቆጠረው፣ ፈጣን ማዋቀሪያውን ዘልዬ እያንዳንዱን ክፍል በእጄ ሞላሁት።

ትልቁ ሥራ ራውተሩ ከመሰካቱ በፊት ያለው ነው። ከኢንተርኔት አቅራቢው አምስት ነገር ጠይቄ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ ግንኙነቱ ፒፒፒኦኢ (በተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ የሚገባ) ነው፣ ዳይናሚክ አይፒ (በራሱ የሚመጣ) ወይስ ስታቲክ አይፒ (ቋሚ ሆኖ በእጅ የሚሞላ)፤ የተጠቃሚ ስሙና ፓስወርዱ ምንድን ነው፤ የቪላን ቁጥር (አቅራቢው የኢንተርኔቱን ትራፊክ የሚለይበት መለያ) ያስፈልጋል ወይ፤ መስመሩ በቀድሞው መሣሪያ ማክ አድራሻ (የመሣሪያው የራሱ መለያ ቁጥር) ታስሯል ወይ፤ ሞደሙ (የአቅራቢውን መስመር የሚቀበለው ሳጥን) ብሪጅ ላይ ነው፣ ማለትም መስመሩን እንዳለ ያሳልፋል፣ ወይስ ራሱ እንደ ራውተር ይሠራል። በስልክ መስመር በሚመጣ ኤዲኤስኤል ላይ ቪፒአይ እና ቪሲአይ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ይጨመራሉ። 8 እና 35 ወይም 0 እና 35 ብዙ ቦታ ይታያሉ፤ ቢሆንም ከአቅራቢ አቅራቢ ስለሚለያዩ በግምት አይሞሉም።

የድሮው ራውተር እየሠራ ከሆነ የሪሴት ቁልፉን ከመንካት በፊት ገብታችሁ የኢንተርኔት ገጹን ፎቶ አንሱ። ፓስወርዱ በነጠብጣብ ቢሸፈንም የተጠቃሚ ስሙ፣ የቪላን ቁጥሩና ኤምቲዩው (አንድ የመረጃ ጥቅል ሊኖረው የሚችለው ትልቁ መጠን) ይታያሉ። ሪሴት እነዚህን ሁሉ ይደመስሳል።

ገመዱ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ከሞደሙ ወይም ከፋይበር ሳጥኑ የሚመጣው ገመድ የሚሰካው ራውተሩ ላይ «ዋን» ወይም «ኢንተርኔት» የሚል ጽሑፍ ባለበት ፖርት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ከሌሎቹ ይለያል። ኮምፒውተሩ ለቤት ውስጥ መሣሪያዎች ከሆኑት ከላን ፖርቶቹ አንዱ ላይ ይሰካል። ማዋቀሩን በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ሠርቼዋለሁ፤ ምክንያቱም የዋይፋይ ስም ወይም ፓስወርድ በተቀየረ ቁጥር ግንኙነቱ ይቋረጣል። በስልክ የምትሠሩ ከሆነ ሞባይል ዳታውን አጥፉ። ስልኩ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያይ ወደ ዳታ ይዞርና የራውተሩ ገጽ አልከፍት ይላል።

የገጹ አድራሻ ከራውተሩ ሥር ባለው ተለጣፊ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 የተለመዱት ናቸው። ወረቀቱ ከተላጠ ኮምፒውተሩ የያዘውን የኔትወርክ ዝርዝር ከፍቶ «ጌትዌይ» ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር መውሰድ ነው። ኮምፒውተሩ በ169.254 የሚጀምር አይፒ ከያዘ ግን ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ስለሆነ ገጹን ከመፈለግ በፊት ገመዱንና ፖርቱን ማየት ይሻላል።

ከገባሁ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የራውተሩን የራሱን የመግቢያ ፓስወርድ መቀየር ነበር። ቀጥሎ በኢንተርኔት ወይም በዋን ገጽ ላይ የግንኙነት ዓይነቱን ፒፒፒኦኢ አደረግኩ። የተጠቃሚ ስሙ ከ«አት» ምልክት በኋላ የሚቀጥል ክፍል ካለው እሱም ሳይቆረጥ ይገባል። የስልክ ኪቦርድ የመጀመሪያዋን ፊደል በራሱ ትልቅ እንደሚያደርግ ልብ በሉ። ብራውዘሩም አለ፤ ያስቀመጠውን የራውተር መግቢያ ፓስወርድ በፒፒፒኦኢ ፓስወርድ ቦታ በራሱ ይሞላዋል። ሁሉም ነገር ትክክል እየመሰለ መስመሩ እንቢ ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ነው። ስለዚህ የዓይን ምልክቷን ተጭኜ ፓስወርዱን አይቼ አረጋገጥኩ። የመገናኛ ሁነታውን «ሁልጊዜ ተገናኝ» ላይ አደረግኩት፤ «ሲፈለግ ብቻ» የሚለው ለጥቂት ጊዜ ሥራ ከፈታ ይቋረጣል።

ስታቲክ አይፒ ላላቸው አራት ቁጥር ይሞላል፦ አይፒ፣ ሰብኔት ማስክ (የአድራሻ ክልሉን ስፋት የሚወስን)፣ ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚያወጣው የአቅራቢው አድራሻ) እና ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ የሚቀይር)። ማስኩን ዝም ብሎ 255.255.255.0 ማለት የተለመደ ስህተት ነው። ለምሳሌ አቅራቢው 203.0.113.6፣ ጌትዌዩን 203.0.113.5፣ ማስኩን 255.255.255.252 ብሎ ከሰጠ በዚያ ክልል ውስጥ መሣሪያ የሚይዛቸው አድራሻዎች እነዚያው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ዳይናሚክ አይፒ ላይ ደግሞ የሚሞላ ነገር የለም። የሚያስቸግረው የማክ አድራሻው መታሰር ሲሆን፣ መፍትሔው የድሮውን መሣሪያ ማክ አዲሱ ላይ መገልበጥ ወይም ሞደሙን ጥቂት ደቂቃ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ እንደገና መሰካት ነው።

አስቀምጥ የሚለውን ከተጫንኩ በኋላ መብራቱን ትቼ የራውተሩን ሎግ (የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ገጽ) ከፈትኩ። መብራቱ ቀይ ነው ወይም አረንጓዴ ነው ይላል፤ ሎጉ ግን ምክንያቱን ይነግራል። ፒፒፒኦኢ ሲጀምር ራውተሩ «ፓዲ» የተባለ ጥሪ ይልካል፤ ከአቅራቢው በኩል «ፓዶ» የተባለ መልስ ይጠብቃል። ሎጉ «ፓዶ አልመጣም» እያለ የሚደጋግም ከሆነ ጥያቄው ማዶ አልደረሰም፤ ፓስወርድ መቀያየር ምንም አይፈይድም። ገመዱ የተሳሳተ ፖርት ላይ ነው፣ ሞደሙ ብሪጅ ላይ አይደለም፣ ወይም የቪላን ቁጥሩ ጠፍቷል። እኔ ጋ የጎደለው ቪላኑ ነበር። የድሮው ራውተር ውስጥ ተሞልቶ የቆየ ቁጥር ስለሆነ ማንም አያስታውሰውም። ሎጉ «ማረጋገጫው አልተሳካም» ካለ ግን መስመሩ ጤነኛ ነው፤ የተሳሳተው ስሙ ወይም ፓስወርዱ ነው። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፦ ሁሉም ትክክል ሆኖ ራውተሩ በድንገት ከጠፋ በኋላ መልሶ መግባት ይከለከላል። የአቅራቢው ሰርቨር የቀድሞው ግንኙነት አልተዘጋም ብሎ ስለሚያስብ ነው፤ ራውተሩን አጥፍቶ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ነው መድኃኒቱ።

ከተገናኘ በኋላ በዋን የመጣውን አይፒ ተመልከቱ። በ192.168 ወይም በ10 ከጀመረ ብዙውን ጊዜ ሞደሙ ራሱ እንደ ራውተር እየሠራ ነው፤ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ አቅራቢው አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው። ድረ ገጽ ለማየት ችግር የለውም። ከውጭ ሆኖ ወደ ቤት ካሜራ መግባት ለሚፈልግ ግን በሩ ዝግ ነው። ከዚህ የባሰው ሞደሙም ራውተሩም 192.168.1.1 ሲሆኑ ነው፤ ራውተሩ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት አድራሻ ሲያይ ወዴት እንደሚልክ አያውቅም። የራውተሩን የላን አድራሻ ወደ 192.168.2.1 መቀየር ይፈታዋል፤ ከዚያ በኋላ ገጹም የሚከፈተው በአዲሱ ቁጥር ነው።

ብዙ ሰው አቅራቢውን በከንቱ የሚወቅስበት ችግር ኤምቲዩ ነው። አንዳንድ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ እየዞረ ይቀራል፤ ጽሑፍ ይላካል፣ ፎቶ አይላክም። መደበኛው የፓኬት (የመረጃ ጥቅል) መጠን 1500 ባይት ሲሆን ፒፒፒኦኢ ከዚያ 8 ባይት ለራሱ ይወስዳል፤ የሚቀረው 1492 ነው። ራውተሩ ላይ 1500 ተብሎ ከተተወ ትልልቆቹ ፓኬቶች መንገድ ላይ ሊጣሉ ይችላሉ፤ ትንንሾቹ ያልፋሉ። ለመፈተን በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ፒንግን (ፓኬት ልኮ መልስ የሚጠብቅ ትእዛዝ) «አትቁረጥ» ከሚለው ከኤፍ አማራጭና መጠን ከሚወስነው ከኤል አማራጭ ጋር ተጠቀምኩ። 1464 ካለፈና 1465 ካላለፈ ልኩ 1492 ነው፤ ልዩነቱ 28 ባይት የፓኬቱ ራስጌ ነው። 1464ም ካላለፈ ቁጥሩን እየቀነሱ የሚያልፈውን ማግኘትና 28 መደመር ነው።

ችግሩ የዲኤንኤስ መሆኑን ለመለየት ደግሞ መጀመሪያ 8.8.8.8ን (የጉግል ዲኤንኤስ አድራሻ) ፒንግ አደረግኩ፣ ቀጥሎ የአንድ ድረ ገጽ ስም። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልመለሰ መስመሩ ደህና ነው፤ ዲኤንኤሱን በእጅ 1.1.1.1 እና 8.8.8.8 ብሎ መሙላት ይበቃል። ቁጥሩም ካልመለሰ ወደ ሎጉ ተመለሱ። ዲኤንኤስ መቀየር የወደቀ መስመር አያነሳም።

ዋይፋዩ የመጨረሻው ነው፤ ኢንተርኔቱ በገመድ ሳይሠራ እሱን መነካካት ሁለት ችግር አንድ ላይ መፈለግ ነው። ደህንነቱ (የምስጠራ ዓይነቱ) ደብልዩፒኤ 2 በኤኢኤስ ወይም ደብልዩፒኤ 3፣ ፓስወርዱ ቢያንስ 8 ፊደል ይሁን፤ እኔ ከ15 በላይ አደርገዋለሁ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ከቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ጎረቤት ያልሞላበትን መረጥኩ፤ ሌሎቹ ከነዚህ ጋር ይደራረባሉ። ደብልዩፒኤስን (ያለ ዋይፋይ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን) እና ከውጭ ሆኖ የማስተዳደር ፈቃዱን አጠፋሁ።

አንድ ነገር በለወጥኩ ቁጥር አስቀምጬ ሞከርኩ፤ ሦስት ነገር አንድ ላይ ለውጦ ቢሠራ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ሁሉም ካለቀ በኋላ ከራውተሩ የሲስተም ገጽ የማዋቀሪያውን ፋይል ወደ ኮምፒውተር አወረድኩ። አንድ ሰው በመርፌ የሪሴት ቀዳዳውን 10 ሰከንድ ተጭኖ ቢይዝ ያንን ፋይል መልሶ መጫን ይበቃል፤ ፋይሉ ግን ለዚያው ሞዴል ብቻ ስለሚሆን የአምስቱን ነገር ወረቀት አልጣልኩም። ከራውተሩ ጀርባ ለጥፌዋለሁ፤ ፓስወርዱን ብቻ ሌላ ቦታ አስቀምጬ።