ኤርፖርት ወረፋ ላይ የተማርኩት ጊታር

እ.ኤ.አ. በ2008 ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እነዳ ነበር። የዲሲን ታክሲ የሚያውቅ ሰው ያ ዓመት ምን ይመስል እንደነበር ብዙ ሳልነግረው ይረዳኛል። በጸደዩ፣ ለስንት አሥርት ዓመታት የኖረው፣ ዋጋው በተሻገርነው የከተማ ክልል የሚቆጠረው የዞን ሂሳብ ቀርቶ ርቀትና ጊዜ የሚቆጥር ሜትር ገባ። አድማ ተመታ፣ ተጮኸ፣ አልሆነም፤ ሜትሩንም ከኪሳችን ገዝተን አስገጠምን። ጁን ላይ ነዳጅ በጋሎን ከ4 ዶላር አለፈ። ሴፕቴምበር ላይ ሌማን ብራዘርስ ከሰረ ሲባል ብዙዎቻችን የባንኩን ስም የሰማነው ገና የዚያን ዕለት ነው። ውሎ ሲያድር ግን ጉዳዩ እኛም ዘንድ ደረሰ። ኩባንያዎች የሠራተኞቻቸውን ጉዞ ሲቀንሱ፣ ከሬገን ኤርፖርት ወርዶ ደረሰኝ የሚጠይቀው፣ ቲፕ የማይሰስተው ባለ ኮት መንገደኛ ጠፋ።

የምንኖረው ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ ነበር። ቤቱን የገዛነው መጀመሪያ ወለዱ ዝቅ ብሎ ኋላ በሚጨምር ብድር ነው፤ ያኔ እንደኛ ላለ ሰው የሚቀርብለት ይኸው ነበር። ወለዱ ሲወጣና የቤቱ ዋጋ ከዕዳው በታች ሲወርድ ሁለቱ አንድ ላይ መጡብን። በዚህ ላይ አዲስ አበባ እናቴ አለች፣ የታናሽ እህቴ የኮሌጅ ክፍያ አለ፣ እቁብ አለ። እቁብ የጣለ ያውቀዋል፤ የባንክ ክፍያ ቢዘገይ ቅጣት ይከፈላል፣ የእቁብ ሲዘገይ ግን ሰው ፊት መቆም ያቅታል። ባለቤቴ ናርሲንግ ሆም የሌሊት ሺፍት ስለምትሠራ የምንገናኘው በር ላይ ነው። ለእናቴ ስደውል ገና ድምፄን ስትሰማ «ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ትለኛለች። «ደህና ነኝ እማዬ፣ ደክሞኝ ነው» እላታለሁ።

ጊታሩን ያገኘሁት ኤልሳልቫዶራዊው ጎረቤታችን ቤቱን ሲለቅ ነው። ዕቃውን ሣሩ ላይ ዘርግቶ ይሸጥ ነበር። ከድስቶቹና ከልጆቹ ብስክሌት አጠገብ አንድ አሮጌ ያማሃ ጊታር ቆሟል። እጄ ላይ የነበረችውን ሰጠሁት፣ አልተከራከረኝም። ሰውዬው ግንበኛ ነበር፤ ለሰው ቤት ሲሠራ የኖረ ሰው የራሱን ሲያጣ ማየት እስከ ዛሬ ያመኛል። ባለቤቴ ጊታሩን ስታይ መጀመሪያ ዋጋውን ጠየቀች። ነገርኳት። «እስቲ ይሁን፤ ቤት ስትገባ ማኩረፍህን ካስቀረልኝ ርካሽ ነው» አለችኝ።

ኤርፖርቱ ጋ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ፓርኪንግ አለ። በደህናው ጊዜ ወረፋው ይሮጣል። በዚያ ክረምት ግን ምሳህን በልተህ፣ ተኝተህ ተነስተህም ተራህ አይደርስም። አንዱ ካርታ ይጫወታል፣ ሌላው ምንጣፉን አንጥፎ ይሰግዳል፣ የተቀሩት በአገር ቤት ፖለቲካ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ጊታሬን ከትራንክ አውጥቼ የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። የብረት ክር የጣት ጫፍ ይቆርጣል። ቆዳው እስኪደድር ድረስ መሪ መያዝ እንኳ ያማል።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ጎንደሬ ሾፌር ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ክራር ይመቱ ነበር። አንድ ቀን መስኮቱን አንኳኩተው «አንተ ልጅ፣ እሱን ነገር ዝም ብለህ አትፈትገው፤ አምጣው እስቲ» አሉኝ። ክራር ላይ ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ አንድ ላይ ሲጠርግ፣ የማይፈለጉትን ክሮች የሚያፍኑት የግራ እጅ ጣቶች ናቸው፤ ጣት የተነሳለት ክር ብቻ ይጮኻል። ያንን ጊታር ላይ አሳዩኝ። ከዚያ ወዲያ ወረፋው ረዘመ ብዬ አማርሬ አላውቅም።

ቀሪውን ከእሳቸው ጋር እየሞከርን አገኘነው። ትዝታ የሚባለው ቅኝት በሜጀሩ አምስት ድምፅ ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከሲ (C) ኮርድ፣ ማለትም አብረው ከሚመቱ ድምፆች፣ ከተነሳን፣ ከእነዚህ አምስቱ ሳይወጡ የሚሠሩት ባለ ሦስት ድምፅ ሜጀርና ማይነር ኮርዶች ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ብቻ ናቸው። ጀማሪ ሁሉ የሚማራቸው ኤፍና ጂ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ይዘው ይገባሉ፤ ትዝታውም ወዲያው ሌላ ዘፈን ይሆናል። ደስ የሚለው ደግሞ ከሲ ወደ ኤ ማይነር ለመሻገር የሚንቀሳቀሰው አንድ ጣት ብቻ መሆኑ ነው። በልጅነቴ ካሴት ላይ የሰማሁት የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታር፣ የሰላም ስዩም ጊታር፣ ለምን እንደ ሰው ያንጎራጉር እንደነበር ያኔ ገባኝ። ኮርድ ከመደርደር ይልቅ ዜማውን በነጠላ ድምፅ ይከተላል።

ሙዚቃ ያጽናናል ሲባል ችግርን ያስረሳል ማለት ይመስላል። እኔ አንድም ነገር አልረሳሁም። ታክሲ ውስጥ ግን ሁሉ ነገር ይቆጠራል፤ ማይሉ፣ ሜትሩ፣ ጋሎኑ፣ ደቂቃው። ቤት ስትገባ ቢሉ ይጠብቅሃል። ጣቶቼ ክር ላይ ሲሆኑ አእምሮዬ መደመርና መቀነሱን ያቆማል። የነበረኝ ሁሉ በሚያንስበት ዓመት አንድ ነገር ብቻ በየሳምንቱ ይጨምርልኝ ነበር፤ ትናንት እንቢ ያለኝ ዜማ ዛሬ እሺ ይለኛል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያስፈልገዋል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። በዚያው ሰሞን ጭንቀቱን አትላንቲክ ሲቲ ቁማር ቤት ይዘውት የሄዱ ወንድሞች ነበሩን። አልፈርድባቸውም፤ ጭንቀቱ ምን እንደሚያደርግ አይቼዋለሁ።

ቤቱ አልተረፈም። በ2010 ለባንኩ ለቅቀን አሌክሳንድሪያ አፓርታማ ተከራየን። ግድግዳው ስስ ስለሆነ መምቻውን ትቼ በአውራ ጣቴ መጫወት ለመድኩ፤ ለእኛ ቅኝት ይህ እንዲያውም የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። ባለቤቴ ደሴ ያደገች ናት። ዕረፍት በሆነች ማታ «በል ባቲዋን» ትለኛለች፤ ስሳሳት ታርመኛለች፣ አንዳንዴም ታዜምልኛለች።

አሁን ሥራ ለቀዘቀዘባችሁ፣ ኪራይ ላስጨነቃችሁ ወንድሞችና እህቶች የምመክረው ይህን ነው። አዲስ ጊታር አትግዙ፤ ያገለገለ ፈልጉ። አንገቱ ያልጎበጠ፣ ክሩም ከአንገቱ ብዙ ያልራቀ ይሁን፤ ክሩ ከራቀ መጫኑ ከባድ ነው። ጣታችሁን ካመማችሁ የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር ይለሰልሳል። መቃኛውን ስልካችሁ ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። ሲንና ኤ ማይነርን ይዛችሁ በትዝታ ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ባቲ እለፉ። አንቺ ሆዬ የሚባለውን ቅኝት ለኋላ አቆዩት። ጋሼ ክራር ላይ እንኳ ዓመታት እንደፈጀባቸው ነግረውኛል፤ እኔም ገና እየታገልኩት ነው።