ቅንድብና ሂና፦ ከጆሮዬ ጀርባ እስከ አክስቴ ሽበት

በሂና የመቀባትን ትምህርት የጀመርኩት ቅንድቤ ላይ ሳይሆን ጆሮዬ ጀርባ ነው። ደግነቱም እሱ ነው።

ጥቅምት ላይ ነው። በክር መቀንደብ ከለመድኩ ዓመት አልፎኛል። የጎረቤት ሴቶች፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ፣ አንዳንዴም ሙሽራ ቤቴ ትመጣለች። ስጨርስ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ቀለምስ አትቀቢም?» እኔም አንዲት ትንሽ ፓኬት ገዛሁ። ላይዋ ላይ ቅጠል ተስሏል። «ተፈጥሯዊ ጥቁር ሂና» ይላል። ሻጩ «አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፣ ጥቁር አድርጎ ይይዛል» አለኝ።

የድሬዳዋ ልጅ ሆኜ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ። ልጅ ሳለን ግቢያችን ውስጥ ሂና ነበር። አክስቴ ቅጠሉን አድርቃ፣ ወቅጣ፣ ማታ ለውሳ፣ እጃችንን በጨርቅ ጠቅልላ ታስተኛን ነበር። ጠዋት ስንፈታው ብርቱካናማ ነው። በአሥር ደቂቃ የጠቆረ ሂና አይቼ አላውቅም።

ብቻ ፊቴን ከመንካቴ በፊት ጆሮዬ ጀርባ ትንሽ ቀባሁ። የሳንቲም ስፋት ቢሆን ነው። በመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። «በቃ፣ ተስማምቶኛል» ብዬ ልቀባ ስል እንግዳ መጣና ለነገ አልኩ። በሁለተኛው ሌሊት ማሳከክ ጀመረኝ። በሦስተኛው ቀን ቦታው ቀልቶ፣ አብጦ፣ ውኃ ቋጠረ። ትራሴ ላይ በዚያ በኩል መተኛት አቃተኝ። ያች እንግዳ ባትመጣ ኖሮ ይኼ ሁሉ ዓይኔ ላይ ነበር።

ፓኬቱን ይዤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ቁስሉን ከማየቷ በፊት ፓኬቱን ገለበጠችና በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አነበበች። ፓራፌኒሊንዲያሚን። ባጭሩ ፒፒዲ ይሉታል። የራስ ጸጉር ማጥቆሪያ ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ ቀለም ነው። ሂና ውስጥ በተፈጥሮው የለም። «ጥቁር ሂና» እየተባለ የሚሸጠው ላይ ግን ቶሎ እንዲያጠቁር ይጨመርበታል።

ሁለት ነገር አስተማረችኝ። አንደኛው፣ የዚህ ዓይነት አለርጂ ቸኩሎ አይመጣም። ከቀን ተኩል፣ ከሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ከሦስት ቀን በኋላ ነው የሚታየው። ስለዚህ ማታ ሞክሮ ጠዋት መቀባት ሙከራ አይባልም። ሁለተኛው የከፋ ነው። ሰውነት አንዴ ከጠላው በኋላ አይረሳም። እኔ ከእንግዲህ ጥቁር የጸጉር ቀለም መቀባት የለብኝም። አንዳንድ የማደንዘዣ ቅባቶችም ሊነሡብኝ ስለሚችሉ ሕክምና ስሄድ መናገር አለብኝ። ሽበት ሲመጣ እንግዲህ እንደ መጣ ነው።

ለሁለት ሳምንት ያህል ስለ ጉዳዩ ሳነብ ከረምኩ። በጣም የያዘኝ የአሜሪካ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላሽ ሉር የሚባል የሽፋሽፍትና የቅንድብ ቀለም በየውበት ሳሎኑ ይቀባ ነበር። ውስጡ ይኸው የፒፒዲ ዘር ነው። ዓይናቸው የጠፋ ሴቶች ነበሩ። አንዲት ሴትም ሞታለች። መንግሥት ዕቃውን ከገበያ የሚያስወጣበት ሕግ ስላልነበረው እጁን አጣጥፎ ነው የተቀመጠው። መዋቢያዎችን የሚቆጣጠረው ሕግ የወጣው በ1938 ነው። ዛሬም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሂናን የፈቀደው ለራስ ጸጉር ብቻ ነው። ለቅንድብ፣ ለሽፋሽፍትና ለዓይን አካባቢ አልፈቀደም። ንጹሑንም ቢሆን! የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ፒፒዲን በራስ ጸጉር ቀለም ውስጥ እስከ 2 ከመቶ ይፈቅዳል። ቅንድብና ሽፋሽፍት ላይ ግን አይነካም።

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። እኔ ራሴ ከዚያ በኋላ ቀጥያለሁ። ግን «ተፈጥሯዊ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የምትሉኝ ስላላችሁ ነው። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ «ይሁን» ያላለውን ነገር በራሳችን ውሳኔ ነው የምንቀባው። ይህን አውቀን እንግባበት።

በነገራችን ላይ አንዷ ጓደኛዬ «እንሶስላ አይሻልም ወይ?» ብላኛለች። ሂናና እንሶስላ አንድ አይደሉም። እንሶስላ ሥሩ ነው የሚቀባው፣ ሂና ቅጠሉ። እጅና እግር ላይ ሁለቱም ያምራሉ። እንሶስላን ቅንድብ ላይ ሞክሬው ስለማላውቅ ምክር የለኝም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ከዜሮ ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ዱቄቱ ከድሬ መጣልኝ። ቅጠል ብቻ ነው። ቀለሙ ደብዛዛ አረንጓዴ፣ ሽታው የደረቀ ሣር። ጆሮዬ ጀርባ ቀብቼ ሦስት ቀን ሙሉ ጠበቅኩ። ሰላም ነው። ቅዳሜ ማታ ዱቄቱን በስቶኪንግ ነፋሁት። ለእጅ ያልነፉትም ይሆናል፣ ለቅንድብ ግን ሻካራው መስመር አያስይዝም። በቡና ስኒ ውስጥ በለብታ ውኃ እንደ እርጎ ለወስኩት። አክስቴ ሎሚ ትጨምርበታለች። እኔ ተውኩት፣ ፊት ላይ ይለበልባል። ስኒውን በፌስታል ሸፍኜ አሳደርኩት። ጠዋት መዳፌ ላይ ነጥብ አደረግኩ። በአምስት ደቂቃ ብርቱካን ሆነ። ደርሷል ማለት ነው።

ፊቴን በሳሙና ታጠብኩ። ወዝ ካለ አይዝም። በቅንድቡ ዙሪያ ቫዝሊን ቀባሁ። ሂናውን አርባ ደቂቃ አቆይቼ በእርጥብ ጥጥ ጠረግኩት።

መስታወት አየሁ። ጸጉሩ እንደነበረ ጥቁር ነው። ከሥሩ ያለው ቆዳ ግን ቦግ ያለ ብርቱካን! ሰኞ ቢሮ ስገባ «አንቺ፣ አዋዜ ነክቶሽ ነው?» ተባልኩ።

ያን ቀን ከመሳቄ ይልቅ መገረሜ በለጠ፤ የሂናን ነገር የገባኝ እዚያ ላይ ነው። ሂና ውስጥ ያለው ቀለም ሎሶን ይባላል። ከጸጉርና ከላይኛው የቆዳ ንብርብር ጋር ይጣበቃል እንጂ ያለውን ቀለም አይገፍም፣ አያነጣም። የሚያሳልፍ ቀለም ነው፤ ጥቁር ጠርሙስ ላይ ቀይ ስስ ፌስታል እንደ መሸፈን ቁጠሩት። የኛ ቅንድብ ጥቁር ነው። ጸጉሩ ላይ ምንም አይታይም። የሚታየው ቆዳው ላይ የያዘው ቀለም ብቻ ነው፣ እሱም ብርቱካን ነው።

ማክሰኞ ወደ ሸክላ ቀለም ጠቆረ። ሐሙስ ወደ አፍንጫ ያለው ጫፍ መልቀቅ ጀመረ። ቅዳሜ የለም። እጄ ላይ ሁለት ሳምንት የሚቆየው ፊቴ ላይ ስድስት ቀን አልሞላም። የፊት ቆዳ ስስ ነው፣ ይወዛል፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ይታጠባል። ቀለሙ የያዘው የሞተ ቆዳ ቶሎ ይረግፋል።

ታኅሣሥ ላይ በኢንዲጎ ሞከርኩ። እሱም ቅጠል ነው፣ ሰማያዊ ይሰጣል። ከሂና ጋር ሲቀላቀል ቡናማ ይወጣል። ኢንዲጎ አያድርም፤ ለውሶ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቆ፣ ከሂናው ጋር ደባልቆ ወዲያው መቀባት ነው። እኩል በእኩል አደረግኩት። በመጀመሪያው ቀን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ ሆነ። ማግሥቱን አማረ፤ ፎቶ ሁሉ ተነሣሁ። ከዚያ ሰማያዊው ቀድሞ ለቀቀና ብርቱካኑ ተመልሶ ብቅ አለ። ለሁለት ቀን ውበት ይህ ሁሉ ልፋት አዋጭ አልመሰለኝም።

ልተወው ነበር። ገና ላይ አክስቴ ከድሬ መጣች።

ቅንድቧ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። እኔ ስቀናደብ ስታይ «ለኔም አድርጊልኝ» አለች። መጀመሪያ ሙከራ ነው አልኳት። «አንቺ ልጅ! ስልሳ ዓመት የቀባሁትን ሂና ዛሬ ልትፈትኚኝ ነው?» ተቆጣች። ለመንኳት። ሦስት ቀን ጆሮዋን እያየሁ ቆየሁ፣ እሷም እያጉረመረመች። ምንም አልሆነችም።

የዚያን ቀን ሂና ለማን እንደተፈጠረ አየሁ። ነጩ ጸጉር የሚሸፍነው ጥቁር ስለሌለው ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ያዘ። ሲታጠብ መዳብ ይመስል ነበር። በሁለተኛው ቀን ቀይ ጤፍ የመሰለ ቡናማ ሆነ። ንጹሕ ሂና ነው፣ ኢንዲጎ የለበትም። ቆዳዋ ላይ የነበረው በሳምንት ጠፋ፣ ጸጉሩ ግን አምስት ሳምንት ቆየ። ከዚያ በላይ መጠበቅም አይገባም፤ የቅንድብ ጸጉር እንደ ራስ ጸጉር ዓመታት አያድግም፣ ተራውን ጠብቆ ይረግፋል፣ አዲሱ ነጭ ሆኖ ይበቅላል።

ከዚያ ወዲህ ሽበት ላላቸው አራት ሴቶች ሠርቻለሁ። የመለስኳቸው ግን ይበልጣሉ።

የተቀነደበችውን በዚያው ቀን አልቀባም። ጸጉሩ የወጣበት ቀዳዳ ክፍት ነው፣ ቆዳው ተቆጥቷል። ቢያንስ ሁለት ቀን ትቆይ። የብጉር ክሬም የምትቀባ፣ በተለይ ሬቲኖል ያለበት፣ ቆዳዋ ስስ ስለሆነ እንድታቆም ነግሬ እመልሳለሁ። በጣም የሚያስቸግረኝ ፊት የሚያቀላው ክሬም ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ስቴሮይድ አለ፤ ቆዳን ያሳሳል። ሰው ፊት ስጠይቅ «አልጠቀምም» ይላሉ። ስለዚህ ሻይ አቅርቤ፣ ለብቻችን ስንሆን ነው የምጠይቀው። ችፌ ያለባትን፣ በጸጉር ቀለም አንዴም ቢሆን ያሳከካትን አልነካም። ሕፃን ልጅ ይዛ «ለሷም ነካ አድርጊላት» ያለችኝ እናት ነበረች። እሱማ በፍጹም። ጂ ስድስት ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ላይ ንጹሕ ሂና ራሱ ቀይ የደም ሴሎችን ሊያፈርስ ይችላል። ሕፃናት ላይ አደጋው ይከፋል።

ሽፋሽፍት ለማንም አልቀባም። ስቀባ ዓይን ይከደናል፣ ኮንታክት ሌንስ ይወጣል፣ ንጹሕ ውኃ አጠገቤ ይቀመጣል። ዓይን ውስጥ ከገባ ደጋግሞ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ፓኬት ስለመምረጥ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ሂና አንድ ቀለም ብቻ ነው ያለው። ጥቁር፣ ጥቁር ቡናማ፣ ፈካ ያለ ቡናማ እየተባለ ከተደረደረ ውስጡ ሌላ ነገር አለ። ኢንዲጎ ከሆነ ደግ። ብዙውን ጊዜ ግን ሶዲየም ፒክራሜት የሚል ታገኛላችሁ፤ እሱ ሰው ሠራሽ ቀለም ነው። ይዘቱ ጨርሶ ካልተጻፈ አትግዙ። ጋዝ ወይም አሞኒያ ከሸተተ እዚያው ተዉት።

የናንተ ጸጉር ጥቁር ከሆነና መሙላት ብቻ ከፈለጋችሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኩል ይበቃችኋል። ማታ ይታጠባል፣ ካላማረ ጠዋት ሌላ ነው።

አክስቴ ለፋሲካ እመለሳለሁ ብላለች። ስልክ ስትደውል ከሰላምታው ቀጥሎ የምትጠይቀኝ ዱቄቱ መኖሩን ነው። አለ፤ ነፍቼ በብልቃጥ አስቀምጬላታለሁ።