ሊበን፣ መሪጌታ እና አንዲት ቃል

ሰሞኑን ዶናልድ ሌቪንን እንደገና እያነበብኩ ነው፣ ያው "ሰምና ወርቅ"ን የጻፈው አሜሪካዊ ሶሺዮሎጂስት፣ እኛ አገር ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ የተባለው። በ1931 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ፔንሲልቬንያ ተወልዶ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ እዚያው እስኪያረጅ አስተማረ፣ አይኪዶም ያሠለጥን ነበር አሉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ መጥቶ መንዝ ገበሬው መሀል ከረመና በ1965 መጽሐፉን አወጣ። ሰምና ወርቅ ብሎ ርዕስ አውጥቶ መንዝ መክረሙ ለጎጃሜ ትንሽ ቅር ያሰኛል (ቀልዴን ነው፣ ግማሹን)።

የሚለው ምን መሰላችሁ፣ አማራ ቅኔ የሚቀኘው ቤተክርስቲያን ብቻ አይደለም፣ ሲያወራም ሲሳደብም እንደዛው ነው፣ ወርፈኸው ትሄዳለህ ግን መያዣ አትሰጠውም፣ ገመናህንም ትሸፍንበታለህ። እስከዚህ ልክ ነው። ከዛ ግን ዘመናዊ አሠራር ጥርት ያለ ቃል ስለሚፈልግ ይሄ ነገር አይሄድለትም የሚል ነገር ያመጣል፣ እዛ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ደግነቱ እዛው አልቀረም። በ1974 "ግሬተር ኢትዮጵያ"ን ጻፈ፣ እሱን ሌላ ቀን። በ1985 ባወጣው ግን ወደራሱ ሙያ ዞረና የምዕራቡ ሶሻል ሳይንስ ሁለት ትርጉም ያለውን ነገር ሁሉ እየሸሸ ብዙ ቀረበት አለ። ሃያ ዓመት ፈጀበት እንጂ መጣልን።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው፣ ጎጃም ዋሸራ ቅኔ ሲማሩ ደበሎ ለብሰው አኩፋዳ አንጠልጥለው "በእንተ ስማ ለማርያም" ሲሉ ውሻ የነከሳቸው ጠባሳ እስካሁን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አለ፣ ያቺን ቁራሽ ቀምሰው ነው ሌሊቱን ቅኔ ሲቆጥሩ የሚያድሩት። እሁድ ደወልኩላቸውና ጋሼ፣ አንድ ፈረንጅ የእናንተ ነገር ለሥልጣኔ አይመችም ብሎ ጽፎ ነበር አልኳቸው፣ ትንሽ አጋንኜ።

"አለ ሰውየው?"

"የለም፣ በ2015 አርፏል።"

ትንሽ ዝም አሉና "ይማር" አሉኝ። ኔትወርኩ ደሞ እየቆራረጠ ነው፣ ይጥበቅ ይላላ አልለየሁም፣ ነፍሱን እየማሩለት ነው ወይስ ገና ትምህርት ይቀረዋል እያሉኝ ነው?

"ጋሼ፣ ጠብቆ ነው ላልቶ?" ስላቸው ሳቁብኝ።

"አንተን ዩኒቨርሲቲ የላክንህ ለምን ሆነና?" ብለው ዘጉት።