ዝናብ ሲመጣ የሚከፈተው ስንጥቅ

በነሐሴ መጀመሪያ ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ፣ በአዲስ አበባ በኩል፣ ጅማ የገባሁት ከመሸ ነው። ስለ መንገዱ የማስታውሰው ጥቂት ነው፤ ወልቂጤን ካለፍን በኋላ የጊቤ ሸለቆ ጉም ለብሶ ስለ ነበር ድልድዩን እንኳ በቅጡ አላየሁትም። ያረፍኩበት አልጋ ቤት ግን አይረሳኝም። 500 ብር የከፈልኩበት ክፍል ጣሪያው ያፈስስ ነበርና፣ አልጋውን ሁለት ጊዜ ከቦታው አንቀሳቅሼ፣ በሚያፈስሰው ሥር ሳፋ ደቅኜ፣ ዝናቡን ስሰማ ነጋ። እኛ ዘንድ የክረምት ዝናብ ከሰዓት በኋላ በነጎድጓድ መጥቶ፣ በረዶውን አራግፎ ማታ ያባራል፤ የዚያ ሌሊቱ ግን ሳይቸኩል፣ ሳያቋርጥ የሚወርድ ነበር።

ጠዋት ወደ ደዶ የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት፣ መንገዱ ተበላሽቷል ብሎ የታሪፉን እጥፍ አስከፈለን። ዳገቱን መውጣት ከጀመርን ብዙም ሳንርቅ ቆምን፤ ከላይ የነበረው ተዳፋት ከነባሕር ዛፉ ወርዶ መንገዱን በቀይ ጭቃ ዘግቶታል። ረዳቱ ከገንዘባችን ምንም ሳይመልስ «በእግር ተሻገሩ፣ ማዶ ሌላ መኪና አለ» አለን፤ አንዳንዶቹም ሻንጣቸውን ተሸክመው ጭቃው ውስጥ መግባት ጀመሩ። ያ ምክር እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ከገንዘቡ ይልቅ ያናድደኛል።

በዚህ መሐል ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ወጥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙን። «ጋራው ገና አልጨረሰም። የጎፋውን አልሰማችሁም?» አሉ። ያልሰማ አልነበረም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ የመጀመሪያው ናዳ የዋጣቸውን ለማውጣት የተሰበሰቡትን ሰዎች ሁለተኛው ናዳ ደርቦ ቀብሯቸው፣ ከ200 በላይ ሕይወት ጠፍቷል። ጭቃው ውስጥ የገቡት አንድ በአንድ ተመለሱ። ሽማግሌው፣ ዝናቡ ቢያባራም ውኃው ከሥር ገና እየሰረገ ስለሆነ ተዳፋቱ ከቀናት በኋላም ሊወርድ እንደሚችል ነግረውን፣ አንድ ወጣት ራቅ ብሎ ጋራውን እንዲጠብቅ አደረጉ።

ቡና ከጠጣን በኋላ ጓሮአቸውን አሳዩኝ። ከእንሰቱ በላይ እንደ ማጭድ የተጠማዘዘ ስንጥቅ አለ፤ የታችኛው ወገን ስንዝር ያህል ሰጥሟል። በግራና በቀኙ ችካል ተክለው በሲባጎ አገናኝተውታል፤ ሲያስሩት ላላ ያለው ሲባጎ አሁን እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። በጣቴ ስነካው ነዘረ። የማድ ቤታቸው በር ከሐምሌ ወዲህ አልገጥም ብሏል፣ ከታች ያለው ምንጭም ደፍርሷል።

«ስንጥቅማ እኛም አገር አለ» አልኳቸው፤ በበጋ እግር የሚያስገባውን የዋልካ መሬታችንን አስቤ ነበር።

«የእናንተው ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል ወይስ ይከፈታል?»

«ይዘጋል፣ አባቴ።»

«የእኛው ይከፈታል፣ ልጄ።»

ዋልካ የሚሰነጠቀው ሲደርቅ ስለሚኮማተር ነው። ይህኛው ግን ተራራው ራሱ የሚቀደድበት ነው፤ ውኃ የጠጣው አፈር ይከብዳል፣ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የሞላው ውኃም እርስ በርስ የተያያዙበትን ኃይል ያላላዋል። በዚያ ላይ መንገዱ ሲጠረግ የተዳፋቱ እግር ተቆርጧል፤ ወንዝም ግርጌውን ሲበላ እንዲሁ ነው። ሌሊቱን በሳፋ የተቀበልኩት ውኃ እዚህ ማሳ ላይ ወዴት እንደ ገባ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሎደር መጥቶ መንገዱ ሲከፈት ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የደዶ ጉዳዬን በአንድ ቀን ጨርሼ ስመለስ፣ ከሽማግሌው ቤት ደጃፍ ወረድሁ። ሲባጎው ተበጥሷል። ከብቶቹና ሴቶቹ ሸንተረሩ ላይ ወዳለው የልጃቸው ቤት ሄደዋል፤ እርሳቸው ከወንዶች ልጆቻቸው ጋር የቤቱን ቆርቆሮ እየነቀሉ ነው። የልጅ ልጃቸው ከስንጥቁ ማዶ፣ ጠንካራው መሬት ላይ ቆሞ ፊሽካ በአፉ ይዟል። «ፊሽካ ከሰማህ የያዝከውን ጥለህ ወደ ጎን ሩጥ፤ ወደ ታች እንዳትሮጥ» ካሉኝ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ አቀበሉኝ።